ተኝቶ ተጠንቀቅ

ቀኝ ተረከዜ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ከኋላ በኩል፣ ጅማቱ ላይ፣ የግማሽ መዳፍ ያህል ወፈር ያለች ቆዳ አለች፤ ዙሪያዋን ካለው ቆዳ ትንሽ ትጠቁራለች፣ ፀጉሯም የባት ፀጉር ነው። ጫማ ሲያስለካኝ የነበረ ነጋዴ ጠይቆኛል። በጸሎተ ሐሙስ እግሬን ያጠቡኝ ቄስ ሳይቀሩ እጃቸውን ገታ አድርገው ቀና ብለው አይተውኛል። «ከግራ ባቴ የመጣች ናት» ስላቸው የማሾፍ ይመስላቸዋል። በሌላ ነገር አሾፍ ይሆናል እንጂ በዚህች ቆዳ አላሾፍም። አንድ ጊዜ በገዛ ስህተቴ አጥቻታለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ በእምቢታ አቆይቻታለሁ። ስህተቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ስለ እምቢታዬ ግን ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፣ ወደፊትም አልጠይቅም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። አስር አለቃ ነበርኩ። ከሰሜን፣ ከደጋ፣ ምልምል ሆኜ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የነገሌን ሙቀትና ቀይ አቧራ ስረግም ከርሜ፣ ኋላ ከሊበን ከብት አርቢዎች ልጅ አግብቼ አገሩን አገሬ አደረግሁት። ባለቤቴ አማርኛዋን ከኦሮምኛ እያደባለቀች ትናገራለች፤ ስትቆጣ ደግሞ አማርኛውን ጭራሽ ትተወዋለች። በዚያ ዓመት ብዙ ጊዜ ትታዋለች።

የሚያዝያ ዝናብ በጣለ ሰሞን ከያቤሎ ስንቅ ጭነን ስንመለስ፣ ዳዋ ወንዝ ሳንደርስ አንደኛው መኪና ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ልንገፋ ወረድን። ሌሎቹ ወታደሮች ያደረጉትን እኔም አደረግሁ፤ ቡትስ ጫማዬን አውልቄ፣ ማሰሪያውን ከማሰሪያው ቋጥሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሞኞች ሆነን አይደለም። በማግስቱ የጫማ ቁጥጥር ነበረብን፤ ጭቃ የነካው ጫማ ያስቀጣል፣ ጭቃ የነካው እግር ግን አያስቀጣም። የፊተኛው መኪና በብረት ገመድ ሲጎትት ገመዱ ተበጠሰና ተወርውሮ መጥቶ ቀኝ ተረከዜን ከኋላ መታኝ። ሰው በድንጋይ የመታኝ መስሎኝ ልሳደብ ዞሬ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ ቆዳውም ሥጋውም ተጠርጎ ሄዷል፣ ጅማቴ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ ጭረት እንኳ አልነካውም።

የጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ውስጥ ስድስት ሳምንት ተኛሁ። ቁስሉ ዳር ዳሩን ጠበበ እንጂ መሃሉ አልገጥም አለ። ጅማት ለካ አንዴ ራቁቱን ከቀረ ሥጋ አይለብስም፤ ይደርቃል፣ ይሻግታል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ይህን ያስረዳኝ ሐኪማችን ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ የመቶ አለቃ ማዕረግ ያለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት። እሱ ባይኖር ነገሩ ቀላል ነበር፤ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፣ አስር አለቃው ይሰናበታል፣ አለቀ።

ሐኪሙ ግን ሌላ መንገድ አለ አለኝ። ከደህናው እግሬ፣ ከባቴ ላይ፣ ቆዳውን ከነስቡ በሦስት ጎን ይቆርጠዋል፤ አራተኛውን ጎን ሳይነካ ይተወዋል። ከዚያ ቀኝ ተረከዜን አምጥቶ ግራ ባቴ ላይ ያስጠጋና ያንን ቆዳ ቁስሉ ላይ ይሰፋዋል። ሁለቱ እግሮቼ እንደተሰፉ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። ለምን አንዴውኑ ቆርጠው አይለጥፉትም ብዬ ጠየቅሁት። ቆዳው ከሥሩ ከተቆረጠ በምን ደም ይኖራል አለኝ፤ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ የድሮው ቦታ ማጥባት አለበት፣ ሕፃን ጥርስ ሳያበቅል ከጡት አይነጠቅም። ያልወለደ ጎረምሳ ስለ ጡት ሲያስተምረኝ ትንሽ ፈገግ አልኩ፤ ነገሩ ግን ገባኝ።

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ የማይመክረኝ ሰው ጠፋ። ባለንጀሮቼ አንዱን እግር አጥተህ ሌላውንም ልታስበላ ነው አሉኝ። የጎረቤት ሴቶች ለባለቤቴ፣ ባልሽን በሁለት ክራንች ሊያስኬዱት ነው አሏት። እሷ ወተት የያዘችበትን ዕቃ መሬት አስቀምጣ፣ ያገባሁት ሁለት እግር ያለው ሰው ነው፣ ሐኪሙ ይሞክር ብላ መለሰችላቸው። እኔ ፈርቼ ነበር። ወታደር ፈራሁ አይልም ይባላል፤ እኔ እላለሁ፣ ፈርቼ ነበር። ግን እግሬ ሳይሞከርለት ተቆርጦ፣ በምርኩዝ ተደግፌ፣ የጦር ሰፈሩ በር ላይ የሚያልፍ የሚያገድመው ከንፈር ሲመጥልኝ ታየኝ። ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠ። ይሰፋ አልኩ።

በወገቤ መርፌ ወግተው ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። እንቅልፍ ስላልወሰደኝ መቀሱ ሲሠራ እሰማ ነበር። ሲያበቃ እግሮቼ እንደ ልብስ ሰፊ አቀማመጥ ታጥፈው፣ ቀኝ ተረከዜ ግራ ባቴ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። በደንቡ ከሆነ ሁለቱ እግሮች በጄሶ ታስረው እንዳይነቃነቁ ይደረጋል። የመጣልን ጄሶ ግን መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ከነጆንያው ድንጋይ ሆኗል። ሌላ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ በጣውላና በጠመንጃ ማንገቻ አሰሩኝ።

ክፍሉን የሚጠብቀው ድሬሰር ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ቁስል ሲያጥብ እጁ ለስላሳ፣ አንሶላ ሲያስነጥፍ ግን ጨካኝ። ጠዋት ጠዋት የጢም መላጫ መስታወቱን እንድይዝ ያደርገኝና ቆዳዋን በጣቱ ጫን ይላታል። ነጣ ብላ መልሳ ከቀላች ደም አላት ማለት ነው። በየቀኑ ነጥታ ትቀላ ነበር። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ደግሞ ለጦሩ መንገድ መሪ ሆነው የሚሠሩ የቦረና ሽማግሌ፣ ከመኪና ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። እኔ በአክብሮት ኦቦ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጉርባ ይሉኛል፣ አንተ ልጅ እንደማለት። ሁለት እግር የተሰፋበት ሰው አይተው ስለማያውቁ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት የኔን እግር ነበር። «አካም? ናጋ?» ይሉኛል፣ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው ወይ እንደማለት፣ ወደ እግሬ እያዩ። እግሬን ወክዬ ናጋ እላቸዋለሁ።

ተኝቶ ተጠንቀቅ የሚባል ነገር ነበር። ትልቅ መኮንን ክፍሉን ሲጎበኝ መቆም የሚችል በሽተኛ አልጋው ግርጌ ይቆማል፤ የማይችለው ደግሞ በተኛበት ይቆማል። እጁን ከጎኑ ይለጥፋል፣ እግሩን አጋጥሞ ይዘረጋል፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አሳርፍ እስኪባል ንቅንቅ አይልም። ሰው ሲሰማው ይስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን አንድም ቀን ስቀንበት አናውቅም። ለመሞት የሚያጣጥር ሰው ተረከዙን ሲያጋጥም አይቻለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ኮሎኔሉ ለጉብኝት ይመጣል ተባለ። ሃምሳ አለቃው አልጋዎቹን በሲባጎ እየለካ አሰለፋቸው። ለኔ ግን ልዩ ትእዛዝ ሰጠኝ፤ አንተ እጅህን ብቻ፣ እግርህን እንዳትነካ አለኝ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን በሌላ ሰው እንዳላላክክ ነው። እግርህን ዘርጋ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ጠዋት ከማንገቻው ሥር ላብ አሳክኮኝ መቋቋም ሲያቅተኝ፣ ትንሽ ላናፍሰው ብዬ ማሰሪያውን የፈታሁትም ራሴ ነኝ።

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው «ተጠንቀቅ» ብሎ ጮኸ። ያን ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ጭንቅላቴ ሳይሰማው እግሬ ሰማው። ጉልበቶቼ ተዘረጉ፣ ተረከዞቼ ለመጋጠም ተፈናጠሩ፤ አሮጌ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የሚያሳፍረኝ ይሄ እንኳ አይደለም። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አልጮህኩም። አልተጣራሁም። እጄን ከጎኔ ለጥፌ ጣሪያውን እያየሁ እንደተገተርኩ ቀረሁ፤ አሳርፍ አልተባለማ። ደሙ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ኮሎኔሉ በግርጌዬ አልፎ ወደ መስኮቶቹ ሄደና ንጽሕናቸውን አመሰገነ። በመጨረሻ ኦቦ ናቸው በደህናው እጃቸው ወለሉን እያሳዩ «ዲጋ፣ ዲጋ» እያሉ፣ ደም ነው እያሉ፣ ሃምሳ አለቃውን የጠሩልኝ።

ቆዳዋ ግማሿ ተገንጥሎ ነበር። መልሰው ሰፏት፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ከሰል ጠቆረች። ሐኪሙ ቆርጦ ጣላት። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ለምን አለኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያው ባት ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሌላ ቆዳ ማንሳት ይቻላል አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚነሳ የለም።

«ይሄኛው ካልያዘ ከጉልበት በታች ነው» አለ። «ሦስተኛ የለም።»

ሲሄድ አለቀስኩ። ሕመሙ አይደለም ያስለቀሰኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እግሬ የኔ መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ለካ ለጮኸበት ሁሉ የሚታዘዝ፣ እኔን ግን የማያማክር እግር ነው የያዝኩት። ጌታው ሌላ የሆነ በቅሎ ላይ ተቀምጬ የኖርኩ መሰለኝ።

ኦቦ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ «ጉርባ፣ ያ ቃል ምንድን ነው?» አሉኝ። እርግማን መስሏቸው ኖሯል። እርግማን ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑን ነገርኳቸው። ለማን ነው አሉ፤ ለሁሉም ነው አልኩ። ለሁሉም የተጮኸ ነገር ለማንም የተነገረ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ናጋ ሳይለኝ የሚጮህብኝን ሰው አልሰማም» አሉኝ። «መጀመሪያ ናጋ ይበል። ከብቱን ልጠይቀው፣ ልጆቹን ልጠይቀው። ከዚያ ጉዳዩን ይናገር።»

ኮሎኔሉ ስለ ከብቶቹ ሲጠየቅ በዓይነ ሕሊናዬ መጥቶብኝ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ሳቅሁ። ነገሩ ግን አለቀቀኝም። ማታም ጠዋትም አብሰለሰልኩት። እግሬ ያንን ቃል ሲሰማ መዝለልን የተማረው ሜዳ ላይ፣ በየቀኑ፣ በጩኸት ነው። እንግዲያው በየቀኑ በጩኸት አለመዝለልን የማይማርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው ስፌት ተሰፋ። ጄሶው አሁንም አልመጣም። በዚህ ጊዜ ያሰረችኝ ባለቤቴ ናት። ከአባቷ ቤት ሰፊ ጠፍር አስመጥታ፣ በቅቤ አለስልሳ፣ ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ ከስፌቱ እንዳትደርስ እያሳያት፣ ጉልበቶቼንና ቁርጭምጭሚቶቼን ከጣውላው ጋር አሰረች። ቋጠሮውን ከበስተኋላ አደረገችው። እጄ እንዳይደርስበት ነው። በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያጉረመረመች ነበር፤ ኦቦ ሰምተው ሳቁ፣ ለእኔ ግን አልተረጎሙልኝም።

ከዚያ ኦቦን ለመንኳቸው። ባሻቸው ሰዓት፣ ስበላም ሳወራም ሳንቀላፋም፣ ያንን ቃል እንዲጮሁብኝ። መጀመሪያ ፈርተው እምቢ አሉ። ኋላ ለእግሬ መድኃኒት መሆኑን ሳስረዳቸው ተስማሙ፤ ከተስማሙ በኋላ ደግሞ የሚያቆማቸው ጠፋ። ሳይታሰብ፣ ገንፎ እየበሉ፣ «ተጠንቀቅ» ይላሉ። ጉሮሯቸው የሰባት መቶ ከብት እረኛ ጉሮሮ ነው። እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ወታደር ነው። አንዱ ሻዩን ደረቱ ላይ ደፋ። አንዱ ካልጋው ዘሎ ወርዶ ካልሲ በሌለው እግሩ ተረከዙን አጋጭቶ ቆመ። ሃምሳ አለቃው እየሮጠ መጥቶ ማን ነው ያዘዘው ሲል ሁሉም ወደ ኦቦ አዩ፤ ኦቦ ገንፏቸውን ይበላሉ።

ሃምሳ አለቃው በጣም ተቆጣ። የወታደር ቃል መጫወቻ አይደለም አለ፤ ሁለታችንንም ከክፍሉ አስወጣለሁ አለ። እኔ ነኝ የለመንኳቸው አልኩት፤ ያን ቀን ወለሉን በጨርቅ የጠረግኸው አንተ ነህ፣ እንደገና መጥረግ ትፈልጋለህ ወይ አልኩት። አስር አለቃ ለሃምሳ አለቃ እንዲህ አይናገርም። ሃምሳ አለቃው ወለሉን አየ። ከዚያ ወደ ኦቦ ዞሮ፣ እንግዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ ይጩሁ አላቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ መጮህ እንዴት እንደሆነ ኦቦም እኔም እስከ ዛሬ አላወቅንም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እግሮቼ ጠፍሩን እየታገሉ ይወጣጠሩ ነበር፤ ጠፍሩ ባይኖር ያኔ አልቆልኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጭኔ ብቻ ይደነግጥ ጀመር። በአሥረኛው ቀን ከጣቶቼ በስተቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ባለቤቴም ወተት ስታመጣ ከበሩ ላይ ትጮህብኛለች፤ እንዲያውም ከሁሉም የሷ ያስደነግጠኝ ነበር። ቃሉ በመጣ ቁጥር የአልጋውን ብረት እይዝና በሆዴ፣ ማን ነህ፣ ናጋ ነው ወይ፣ ምን ፈልገህ ነው እላለሁ። ይህን ጠይቄ እስክጨርስ የመዝለያው ጊዜ ያልፋል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ኮሎኔሉ ተመልሶ መጣ። ሐኪሙ ከኋላው ነበር፤ አንድ መዝገብ የያዘ ጸሐፊም አብሮት አለ። ሃምሳ አለቃው እንደ ደንቡ ጮኸ። ክፍሉ ሁሉ እንደ እንጨት ደረቀ። እውነቱን ልናገር፣ የእግሬ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ጉልበቶቼ ግን ከነበሩበት አልሄዱም። ያን ቀን እጄን እንኳ ከጎኔ አልለጠፍኩም፤ ሁለት እጄ የአልጋውን ብረት እንደያዘ ነበር። ኮሎኔሉ አለፈኝ፣ ከዚያ ተመለሰ።

አንሶላው ሥር ያለው ጉብታ አስቀይሞት፣ ይሄ ለምን ተጠማዞ ይተኛል አለ። ሃምሳ አለቃው ቁስለኛ መሆኔን ማስረዳት ጀመረ። ሁሉም ቁስለኛ ነው፣ ሁሉም ግን ተዘርግቷል አለው ኮሎኔሉ፣ ሳያስጨርሰው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ዘርጋ» አለኝ።

«አልዘረጋም፣ ጌታዬ» አልኩ።

የራሴን ድምፅ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ። ወደ ሐኪሙ አየሁ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። መቶ አለቃ ነው፣ ኮሎኔል ፊት ቆሟል፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ያን ጊዜ ብቻዬን መሆኔ ገባኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

«ባለፈው ሲመጡ ዘርግቼ ነበር፣ ጌታዬ። ተቀደደ። ደሜ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ እርስዎ መስኮት ያዩ ነበር። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። ይሰሩኝ፣ ማዕረጌን ይግፈፉኝ። እግሬን ግን አልሰጥም።»

ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ አንሶላውን ገለጠው። ሁለት እግር በአንድ ቆዳ ተያይዞ፣ በከብት ጠፍር ታስሮ አየ። ፊቱ ላይ ርኅራኄ ፈልጌ አጣሁ፤ ክፋትም አጣሁ። ተኝቶ እምቢ የሚል ሰው አጋጥሞት የማያውቅ ሰው ፊት ነበር። አንሶላውን ራሱ መልሶ አለበሰኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «ትእዛዝ ባለመፈጸም» አለው። «ሲድን፣ ከነሙሉ ትጥቁ፣ ሜዳውን አሥር ዙር።»

ሊሄድ ሲል ኦቦ ደህናውን እጃቸውን ዘረጉለትና «ናጋ?» አሉት። ኮሎኔሉ ግራ ገባው። እጁን ሰጣቸው፤ «ናጋ» አለና ወጣ። ስለ ከብቶቹ ግን ለመጠየቅ አልደረሱም።

ወዲያው ሐኪሙ ብቻውን ተመልሶ መጣ። መናገር ነበረብኝ አለኝ። አዎ፣ ነበረብዎት አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ የለም እለው ነበር። ያን ቀን ግን ግድ ነበረኝ፣ አልዋሸሁትም። ተቀበለኝ። ቁጭ አለና ቆዳዋን በጣቱ ጫን አላት፤ ነጣች፣ ቀላች። የዚያን ሰው እጅ እስክሞት አከብራለሁ። አፉን ግን ለራሱ ትቼለታለሁ።

ባለቤቴ ማታ መጥታ ሁሉንም ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አንዲት ቃል ብቻ ይዛ ቀረች። ሲድን ነው ያለው፣ አለችኝ። ልክ ናት። ከዚያ ቀን በፊት ሐኪሙም ሃምሳ አለቃውም ባለንጀሮቼም ሁሉ «ከዳነ» ነበር የሚሉት። ይድናል ብሎ መዝገብ ላይ ያስጻፈልኝ የመጀመሪያው ሰው የቀጣኝ ሰው ነው።

ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሙ ሁለቱን እግሮች ያያያዘውን ቆዳ በቀጭን ላስቲክ አንቆ ጠበቀ። ከባቴ የሚመጣውን ደም መዝጋቱ ነው። ቆዳዋ ከተረከዜ ደም መጥባት ጀምራ ከሆነ ትቀላለች፤ ካልጀመረች ትጠቁራለች። መስታወቱን ይዤ አየኋት። የዚያን ያህል ትኩር ብዬ ያየሁት የሰው ፊት የለም። መጀመሪያ ደበዘዘች። ከዚያ ከዳሯ ጀምራ፣ ቀስ እያለች፣ ቀላች። በማግስቱ ቆርጦ ለያያቸው። ግራ እግሬን ብቻውን ስዘረጋው ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ፤ ኦቦ አልጋቸው ላይ ተነስተው ቆሙልኝ።

መራመድ እንደገና ተማርኩ። መጀመሪያ በሁለት ክራንች፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ በባለቤቴ ትከሻ፣ ከዚያ በንዴት። ተረከዜ ላይ ያለችው ቆዳ ደንዛዛ ስለነበረች ጫማ ሲልጣት አይሰማኝም፤ ማታ ማታ በመስታወት አያታለሁ። ዓመቱ ሊሞላ ሲል ወደ ጦር ክፍሌ ተመለስኩ። ቀላል ሥራ ሰጡኝ፤ ዕቃ ቤት ቁልፍ መያዝ። ሰዎች ደግ ሆኑብኝ። ወንበር ያቀርቡልኛል፣ ዕቃ ልናንሳልህ ይሉኛል፣ ከንፈር ይመጡልኛል። የጦር ሰፈሩ በር ላይ የፈራሁት ነገር እግሬ ሳይቆረጥ ዕቃ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የቅጣት መዝገቡን ወደሚይዘው ሻምበል ባሻ ሄድኩና ቅጣት አለብኝ አልኩት። የምን ቅጣት አለኝ። ነገርኩት። መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆይቶ አገኘው። ኮሎኔሉ ተዛውሮ ከሄደ ቆይቷል፣ ማንም አይጠይቅህም፣ እኔም አላየሁም አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ፤ እሱም ደግ ሆነብኝ። እኔ አይቻለሁ አልኩት። እምቢ ያልኩት አውቄ ነው፤ አሳዝኜ የታለፍኩ ሰው መሆን አልፈልግም፣ ቅጣቴን ስጠኝ አልኩት። ያበድኩ መስሎት ሐኪሙ ዘንድ ላከኝ። ሐኪሙ ተረከዜን ገልጦ አየ፣ ጫነ፣ አጎነበሰ። ባይሆን ይመረጣል አለ። ሲሆንስ አልኩት። ጫማው ውስጥ ሦስት እጥፍ ፋሻ ይግባ አለኝ።

ሜዳው ላይ ስወጣ ፀሐዩ ገና አልበረታም። ጠመንጃ፣ ቦርሳ፣ ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ጥይት፤ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ባለቤቴ ከሜዳው ዳር፣ ግራሩ ሥር ቆማለች። ወሬው ተሰምቶ ወታደሩም በየጥጉ ቆሟል። ባሻው እየቆጠረ ጀመርኩ። በሦስተኛው ዙር ግራ ባቴ፣ ቆዳዋ የተነሳችበት ቦታ፣ ይጎትተኝ ጀመር። በአምስተኛው ቀይ አቧራው ጉሮሮዬን ሞላው። በሰባተኛው ቀኝ ጫማዬ ውስጥ እርጥበት ተሰማኝ፤ ላብ ይሁን ደም አላወቅሁም፣ ለማየትም አልቆምኩም። ባሻው ይበቃሃል ብሎ ጮኸ። ስምንት በል አልኩት። ጮክ ብዬ ነበር፤ ከዳር ያሉት ወታደሮች ሰምተው ከባሻው ጋር አብረው መቁጠር ጀመሩ።

አሥር ሲሉ ባሻው መዝገቡን ዘጋና ወደ እኔ መጣ። ባለቤቴም ከግራሩ ሥር ወጥታ መንገድ ጀምራለች። እኔ ግን አልቆምኩም። እግሬን ወደ ታች አየሁት፤ እየሄደ ነበር። በሁለቱም መሃል አልፌ አሥራ አንደኛውን ጀመርኩ፤ እሱን ማንም አላዘዘኝም።